ውለታ በኢትዮጵያና በጃፓን

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሳሉ፣ ጃፓን በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ እንደራሴዋን በመላክ ላሳየችው አክብሮት ምስጋና እንዲያደርሱ ታዝዘው፣ በ1924 ዓ.ም. መግቢያ ባሕር ተሻግረው ወደዚያች አገር ሄዱ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ከጸደቀ ገና ጥቂት ወራት ማለፋቸው ነበር፤ ያም ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እጅ ሲረቀቅ ዋና ምንጩ ጃፓን በሜይጂ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣችው ሕገ መንግሥት ነበረ። ብላቴን ጌታ ከጉዟቸው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከእርሳቸው በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው፣ የዚያችን የሩቅ ምሥራቅ አገር አርአያነት ለወገናቸው ለማሳየት ደክመዋል።

እነዚህ ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ የመረመሩት ጃፓን መርከብን፣ መድፍን፣ ትምህርት ቤትንና ፋብሪካን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንደምን ገንዘቧ እንዳደረገች ነው። ጥያቄያቸውም ለዘመናቸው የሚገባ ነበረ፤ ወራሪ በደጅ ባንዣበበበት ሰዓት ስለ ሻይ አቀራረብና ስለ ልቅሶ አደራረስ ማውጠንጠን ጊዜውን አይዋጅም ነበር። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ጠባይ በአዋጁና በመሣሪያው ከሚታወቀው ይልቅ በማዕዱ፣ በለቅሶውና በጉርብትናው አብልጦ ይታወቃል፤ ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ውል ደግሞ፣ እኔ እንደማምነው፣ ሰው ከሰው የተቀበለውን ውለታ የሚይዝበትና የሚመልስበት ሥርዓት ነው። የብላቴን ጌታ ጉዞ ራሱ የውለታ ምላሽ እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል። ጃፓናዊው የተደረገለትን በጥንቃቄ ሰፍሮ በጊዜው ለመመለስ ይተጋል፤ ኢትዮጵያዊው የተደረገለትን ሳይሰፍር በልቡ ያኖራል፣ ፈጥኖ ቢመልስም ወዳጁን ያስቀየመ ይመስለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው የሁለቱን አገሮች ልማድ ከሚለያየው ይልቅ የሚመሳሰለው ይበዛበታል። በሁለቱም አገር ሰው ሲገናኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ጃፓኖች የመጎንበሱን ልክ እንደ ሰውየው ማዕርግና እንደ ጉዳዩ ክብደት ለክተው ለልጆቻቸው ያስተምራሉ፤ እኛም ለእኩያና ለሽማግሌ፣ ለካህንና ለመኰንን የምንነሣው እጅ አንድ አልነበረም። በሁለቱም አገር ስጦታ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅም ይቀበሉታል፤ ተቀባዩ በሰጪው ፊት ከፍቶ ማየቱን እንደ ስግብግብነት ይቈጥረዋል። በሁለቱም አገር ለታላቅና ለታናሽ የሚነገረው ቃል ልዩ ልዩ ነው። የዘመን አቈጣጠራቸው እንኳ የየራሳቸው ነው፤ ጃፓኖች ዓመታቸውን በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ስም ሲቈጥሩ፣ በ2011 ዓ.ም. ሬይዋ የተባለውን አዲስ ዘመናቸውን ጀምረዋል፤ እኛም ዓመታችንን በአራቱ ወንጌላውያን ስም እየጠራን እንቈጥራለን።

ነገር ግን እንግዳው የቤቱን መድረክ ተሻግሮ ሲገባ ልዩነቱ ይገለጣል። በጃፓን ቤት መግቢያ ከወለሉ ዝቅ ያለ ስፍራ አለ፤ እንግዳው ጫማውን በዚያ አውልቆ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አስተካክሎ ያስቀምጣል። ቀጠሮው አስቀድሞ የተያዘ ነው፤ ባዶ እጁን አልመጣምና በወረቀት ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ስጦታ ያቀርባል፣ ሲያቀርብም የሚረባ ነገር አለመሆኑን ተናግሮ ራሱን ያዋርዳል። ንግግሩ ሁሉ ለማስቸገሩ ይቅርታ በመጠየቅ ይጀምራል፣ ይቅርታ በመጠየቅም ይፈጸማል። በእኛ አገር ባላገር ቤት ደግሞ እንግዳው ድንገት ይደርሳል፤ ሽማግሌ ከሆነ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሣለታል፣ እርሱም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። እመቤቲቱ የምታቀርበው ባይኖራት እንኳ ከጎረቤት ተበድራ ታቀርባለች፤ እንግዳው በቃኝ ሲል «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ በቤቱ ጌታ ሕይወት ይማለድበታል። በዚያ አገር ትሕትና ማለት ሰውን አለማስቸገር ሲሆን፣ በዚህ አገር ትሕትና ማለት ለሰው ሲሉ መቸገርን አለመፍራት ነው፤ ስለዚህም ጃፓናዊው በእኛ ማዕድ፣ እኛም በእርሱ ማዕድ በተቀመጥን ጊዜ፣ ሁለታችንም በፍቅር መካከል እንጨነቃለን።

የማዕዱም ሥርዓት ይህንኑ ይከተላል። በጃፓን ቤት አባትም፣ እናትም፣ ልጅም የየራሱ የሩዝ ሳሕንና የየራሱ የእንጨት መብያ አለው፤ በቀደመው ዘመንማ ለያንዳንዱ ሰው ትንሽ ገበታ ለብቻው ይቀርብለት ነበር። ምግብን ከአንዱ መብያ ወደ ሌላው መብያ ማቀበል እጅግ የተነወረ ነው፤ ምክንያቱም የሟች አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶቹ ዐፅሙን እንዲህ በመብያ እየተቀባበሉ ወደ ማሰሮው ስለሚያኖሩት ነው። መብያን በሩዝ መካከል አቁሞ መተውም ለሙታን የሚቀርበውን መሥዋዕት ስለሚመስል አይደረግም። እንግዲህ ከአንድ መሶብ የሚቈርሰው፣ በገዛ እጁ ጠቅልሎ በወዳጁ አፍ የሚያጐርሰው፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎም ሁለተኛውን የሚደግመው ኢትዮጵያዊ ለዚያ ሕዝብ ምን ያህል ዕፁብ ሆኖ እንደሚታይ መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ጃፓኖች የጉርሻን ፍቅር ፈጽሞ አያውቁም ማለት አይደለም። በሳኬ ወይም በቢራ ግብዣ ላይ ማንም ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ የጎረቤቱን ጽዋ እየተመለከተ ጎደል ባለ ቁጥር ይቀዳለታል፣ የራሱም እስኪቀዳለት ድረስ ይታገሣል። በእጅ ያልደረሰው ፍቅር በማድጋው በኩል ይደርሳል። ከዚህም የሚያስደንቀው የገላ መታጠባቸው ሥርዓት ነው፤ በአንድ ሳሕን የማይበላው ቤተሰብ፣ ገላውን አስቀድሞ በውጭ አጥርቶ ከታጠበ በኋላ፣ በአንድ ገንዳ የተሞላውን ያንኑ ሙቅ ውሃ ተራ በተራ እየገባ ይሞቀዋል፤ እንግዳ ካለም ቀድሞ የሚገባው እርሱ ነው። በአንድ ትሪ የምንበላ እኛ በሰው መታጠቢያ ውሃ መታጠብን እንጸየፋለን። እንግዲህ ንጽሕናም ሆነ አንድነት በየሕዝቡ የየራሱ ድንበር እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ስለ ሻይና ስለ ቡና ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ሻይ በጃፓን የተስፋፋው በመነኰሳት እጅ ነው፤ ኤይሳይ የተባለው የዜን መነኵሴ እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ እንደ መጣ፣ መነኰሳቱም በተመስጦ ሰዓት እንቅልፍን ያርቁበት እንደ ነበረ ይነገራል። ከአራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ሴን ኖ ሪክዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1591 የኖረው መምህር፣ ለሻይ አቀራረብ እስከ ዛሬ የሚጠበቀውን ሥርዓት ደነገገለት። የሻዩ ክፍል ብዙ ጊዜ ከአራት ተኩል የሰሌን ምንጣፍ አይበልጥም፤ መግቢያውም ሰው ተንበርክኮ ካልሆነ የማያስገባ ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ በጥንት ዘመን ባላባቱም ቢሆን ሰይፉን በውጭ ሰቅሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ይገባ ነበር። በውስጡ ከሰል በአመድ ላይ ይነድዳል፣ በከሰሉም ላይ ዕጣን ይጨመራል። አስተናጋጁ የሻዩን ዱቄት በሙቅ ውሃ ሲመታ ቃል አይሰማም፤ እንግዳው ሳሕኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ያማረው ፊቱ ወደ አፉ እንዳይዞር ጥቂት አዙሮ ይጠጣል፤ ከዚያም የሳሕኑን ውበት ያደንቃል፣ ሠሪው ማን እንደ ሆነም ይጠይቃል። ወፍራሙ ሻይ ሲቀርብ ግን፣ በየሳሕኑ የሚበላው ሕዝብ በአንድ ሳሕን ይጠጣል፤ ከአንዱ እንግዳ ወደ ሌላው እያለፈ፣ አንዱ ከንፈሩን ያሳረፈበትን ጠርጎ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የቡና ታሪክ በዚህ ነገር ከሻይ ጋር ተቃራኒ ነው። ሻይን ለጃፓን ያስለመዱት መነኰሳት ሲሆኑ፣ የቡናን መጠጥ ለረጅም ዘመን ለክርስቲያኑ ያልፈቀዱት የእኛ ካህናት ነበሩ፤ በክርስቲያኑ ዘንድ በሰፊው የተለመደው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ የቡናን ሥርዓት የደነገገው መምህር ወይም ገዳም አልነበረም፤ የደነገጉት እናቶች ናቸው፣ እኔም ይህን ከአገራችን ታላላቅ የጥበብ ሥራዎች እንደ አንዱ እቈጥረዋለሁ። ቄጤማ ይጐዘጐዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡናው ታጥቦ ይቈላና ጢሱ ለተቀመጠው ሁሉ እየዞረ እንዲሸተት ይደረጋል፤ ተወቅጦ በጀበና ሲፈላ አንድ ልጅ «ቡና ጠጡ» ብሎ ጎረቤት ሊጠራ ይላካል። አቦሉ ይቀዳል፣ ቶናው ይከተላል፣ በረካው ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው በረከት ጥሎ እንደ ሄደ ይቈጠራል። በሻዩ ክፍል ዝምታ ሲነግሥ፣ በረከቦቱ ዙሪያ የመንደሩ ጉዳይ ሁሉ ይመረመራል፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ለታመመ ይለመናል፣ ለሥራ ፈላጊ ልጅ መላ ይመከራል። የሻዩ እንግዳ በማግሥቱ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋል ወይም ራሱ መጥቶ ያመሰግናል፤ የተቀበለው ውለታ በዚህ ምስጋና ይታሰራል። የቡናዋ እንግዳ ግን ደብዳቤም አትጽፍ፣ ዋጋም አታስብ፤ ነገ ቡናው በእርሷ ቤት ነው፣ ከነገ ወዲያም በሦስተኛይቱ።

የሁለቱ ሕዝቦች ጠባይ ፈጽሞ የሚገለጠው ግን በሞት ጊዜ ነው። በጃፓን ሰው ሲሞት ሌሊቱን ከአስከሬኑ ጋር የማደር ሥርዓት ይደረግና በማግሥቱ ጸሎተ ፍትሐቱ በቡድሃ መነኵሴ ይፈጸማል። በበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ጥቁር የለበሱ ዘመዶች ወይም የሥራ ባልደረቦች ተቀምጠዋል። ወደ ለቅሶው የመጣው ሰው እጅ ነሥቶ፣ በጥቁርና በነጭ ክር የታሰረ ፖስታ በሁለት እጁ ያቀርባል፤ ይህ ኮደን ይባላል፣ የዕጣን መባ እንደ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ብር አዲስ መሆን የለበትም፤ አዲስ ብር ያዘጋጀ ሰው ሞቱን ሲጠባበቅ የቈየ ያስመስለዋልና። ለሠርግ የሚሰጠው ግን በቀይና በነጭ ክር የታሰረ፣ ከባንክ የወጣ አዲስ ብር ነው። ኮደን ያቀረበው ሰው ስሙ፣ አድራሻውና የሰጠው ገንዘብ ልክ በመዝገብ ይጻፋል። አርባ ዘጠኙ ቀን ሲፈጸም፣ ሐዘንተኞቹ መዝገቡን ገልጠው ለያንዳንዱ ሰጪ የሰጠውን ግማሽ ያህል የሚያወጣ ስጦታ ይልኩለታል፤ ሐዘን እንዳይሰነብት በሚል አሳብ የሚላከው ተበልቶ ወይም ተገልግሎበት የሚያልቅ ነገር፣ ሻይ፣ የባሕር አልጌ፣ ፎጣ ነው። መዝገቡም አይጣልም፤ ከዓመታት በኋላ በሰጪው ቤት ሞት ሲደርስ ተገልጦ ይታያል፣ ተመጣጣኙም ይሰጣል። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሳይገባ በላዩ ጨው ይነሰንሳል። ሐዘንተኛው ቤተሰብ በዚያ ዓመት የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት አይልክም፣ ስለ ሐዘኑ ግን አስቀድሞ ለወዳጆቹ ያስታውቃል። ለቅሶው በጠቅላላው ድምፅ የተገታበት ነው፤ ሐዘንተኛው እንባውን የሚይዘው የመጣውን ሰው ላለማስጨነቅ ነው።

በእኛ አገር ሞት በድንገት አይነገርም። ዘመዱ የሞተበት ሰው ሳያውቅ አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ወዳጆች በደጁ ተሰብስበው መርዶውን ይነግሩታል፤ ብቻውን እንዳይሰማው፣ ሲወድቅም የሚይዘው እንዳያጣ ነው። ከዚያ በኋላ የእድሩ ጥሩምባ በየመንገዱ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ትሪው ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጥቶ ይመጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይለብሳሉ፤ ድምፅ አይገታም፣ የሟቹ ደግነት በሙሾ ይዘረዘራል፤ የመጣው ሁሉ የራሱንም ሙት አስታውሶ አብሮ ያለቅሳል። ከቀብር በኋላ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል እንጂ ሐዘንተኛ እሳት አያነድም፤ እስከ ሣልስት ድረስም ቤቱ ከሰው አይለይም። ጃፓኖች በየሰባቱ ቀን እየቈጠሩ እስከ አርባ ዘጠኝ እንደሚደርሱ፣ እኛም ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ አሥራ ሁለቱን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን እናስባለን።

እድርም መዝገብ አለው፤ ማንም ይህን አይርሳ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተሾሙበት፣ ወርኃዊ መዋጮው በየስሙ የሚመዘገብበት፣ በቀብርና በድንኳን ያልተገኘ አባል የሚቀጣበት ጽኑ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሁለቱን መዝገቦች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚያነብ ሰው ትልቁ ልዩነት ይታየዋል። የጃፓኑ መዝገብ ማን ስንት እንደ ሰጠ ይጽፋል፤ የእድሩ መዝገብ ማን እንደ ተገኘና ማን እንደ ቀረ ይጽፋል። በዚያ ሰው በአካል መምጣት ባይችል ፖስታውን በሰው እጅ ቢልክ ነውር የለበትም። በዚህ ግን ሺህ ብር ልኮ በአካሉ የቀረ ሰው «ልቅሶ አልደረሰኝም» የሚባል ቂም ይያዝበታል፣ ቂሙም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ጊዜ አለ።

ሆኖም የሞት ሥርዓት በሁለቱም አገር ከማናቸውም ጠብ በላይ ነው። በጃፓን፣ በኤዶ ዘመን፣ የመንደሩን ደንብ የጣሰ ቤተሰብ ሙራሃቺቡ በሚባል ቅጣት ከኅብረተሰቡ ይለይ ነበር፤ እንደሚነገረውም መንደርተኛ ለመንደርተኛ ከሚያደርጋቸው አሥር ነገሮች ስምንቱ ይከለከሉታል፣ ሁለቱ ግን፣ እሳት ሲነሣ ማጥፋትና ሰው ሲሞት መቅበር፣ አይከለከሉትም። እኛም ልጆቻችንን ስንመርቅ «ቀባሪ አያሳጣችሁ» እንላለን።

ስለ ዕቁብ ደግሞ በአጭሩ ልናገር። ጃፓኖች ኮ የሚሉት ማኅበር በመጀመሪያ የቡድሃ መጻሕፍት የሚተረጐሙበት ጉባኤ ነበረ፤ በኋላም የመንደር ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ፣ በዕጣ የወጣለትን ሰው ስለ ሁሉም ሆኖ ወደ ኢሴ መቅደስ እንዲሳለም የሚልኩበት፣ ቀጥሎም ሙጂንና ታኖሞሺ እየተባለ አባላቱ በየተራ ገንዘብ የሚወስዱበት ሆነ። ይህ በዳኛና በጸሐፊ፣ በዋስና በዕጣ የሚሄደው የእኛ ዕቁብ ነው። ጃፓን ግን በዚህ አላቆመችም፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ለሙጂን ድርጅቶች ሕግ አወጣች፣ በ1951 በወጣውም ሕግ ከእነዚያ ድርጅቶች አብዛኞቹ ባንኮች ሆኑ፤ በኦኪናዋ ደሴቶች ግን ሞአይ የሚባለው የወዳጆች ዕቁብ እስከ ዛሬ በየወሩ ይሰበሰባል። የእኛ ነጋዴዎችም በዕቁብ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አስተምረዋል፤ ይህን በመቶ ሺህ እጅ የተፈተነ የመተማመን ሥርዓት ሕግ አውጪዎቻችን ከዚህ ቀደም ከተመለከቱት አብልጠው ሊመለከቱት ይገባ ነበር።

አሁን ያለውን ዘመን ስንመለከት ሁለቱም ሥርዓቶች በፈተና ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የጃፓን የሕዝብ ቈጠራ ከመቶው ቤት ሠላሳ ስምንቱ አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበት ነበረ። ቀብሩም በቤተሰብ ብቻ የሚፈጸም እየሆነ ሄዷል፤ ኮደን እንዳይመጣ አስቀድሞ የሚያስታውቅ ቤተሰብ በዝቷል፤ ብቻቸውን በቤታቸው ሞተው ከቀናት በኋላ የሚገኙ ሽማግሌዎች ነገር አገሪቱን ያሳዘነና መንግሥቷን ያስጨነቀ ጉዳይ ሆኗል። ማንንም ላለማስቸገር የተማረ ሰው፣ በእርጅናው ጊዜ ጎረቤቱን ለመጥራት አንደበቱ ታስሮበታል። እኔ ይህን የምጽፈው በዚያ ታላቅ ሕዝብ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እጅግ የማከብረው ሕዝብ ነውና ሐዘኑ ይሰማኛል።

የእኛም ሥርዓት ያለ ነቀፋ አይደለም። ልኩን የማያውቅ ውለታ ቤት ያፈርሳል፤ ለተዝካር በሬውን ሸጦ፣ ርስቱን አስይዞ፣ ከሰው እንዳያንስ ብሎ ደግሶ፣ ልጆቹን ለችጋር የተወ ስንት አባወራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን ጸሎትንና ምጽዋትን እንጂ የድግስ ፉክክርን አላዘዘችም። በዚህ ነገር የጃፓኖች መስፈሪያ፣ ሐዘንተኛ ከዐቅሙ በላይ እንዳይከፍል የሚጠብቀው፣ ለእኛ ትምህርት ይሆነናል። በሌላ በኩል ደግሞ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች መዋጮውን በባንክ አስገብቶ በድንኳኑ የማይታይ የእድር አባል እየበዛ ነው፤ ይህ ሰው ሳያውቀው የእድሩን መዝገብ በኮደን መዝገብ ለውጦታል፣ የጃፓኖችን ጥንቃቄ ግን አልጨመረበትም። በአንጻሩ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን እድር አቋቁመው የሟችን አስከሬን ወደ አገሩ እስከ መላክ ደርሰዋል፤ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ክፉ ዘመንም ብዙ እድሮች ሥራቸው ከመቅበር አልፎ በሽተኛ ማስታመምና የሙት ልጆችን መርዳት ሆኖ ነበር።

ያ ሥራ ወደ ልማዳችን ይመለስ ዘንድ እለምናለሁ። በሰፈርህ እድር ያለህ አንባቢ፣ በሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ ተነሥተህ፣ ከአባላቱ መዝገብ ቀጥሎ ሌላ መዝገብ እንዲከፈት፣ በእርሱም ልጆቻቸው በውጭ አገር ያሉ፣ ጎረቤት የማያንኳኳባቸው፣ ብቻቸውን የሚያረጁ የሰፈሩ አረጋውያን ስም እንዲጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ቡና የሚያፈላላቸው ሰው በተራ እንዲመደብ አሳብ አቅርብ፤ ጸሐፊው ያልተገኘውን አባል የሚቀጣው በቀብር ብቻ ሳይሆን በዚህም ተራ ይሁን።